ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ጥር 19፣ ሰኞ

ጠዋት ከአዲሱ የኪነ ጥበብ ማዕከል ጠርተውኝ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ዓለምእሸት በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ተወልዳ ያደገችው ሐዋሳ ነው፤ እኛ አገር ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ነገር አታንዛዛም። ማዕከሉ ከአገሩ ቡድኖች ሁለቱን መርጦ ነዋሪ ሊያደርጋቸው ማሰቡን ነገረችኝ። ነዋሪ የሆነ ቡድን የራሱ መለማመጃ ክፍል ይሰጠዋል፤ ቁልፉን እሱ ይይዛል፤ በየወሩ መድረክ ይደርሰዋል፤ ስሙም በሩ ላይ ይጻፋል።

«ጥምቀት ላይ ያቀረባችሁትን ጭፈራ አይቼ ወድጄዋለሁ። 'ማገር' ነዋሪ ቡድናችን ቢሆን ደስ ይለናል። ትፈልጋላችሁ?» አለችኝ።

እዚያው ተነሥቼ እልል ብል ደስ ባለኝ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «ኧረ እኛ ምን ቁም ነገር አለን ብለው ነው! ከእኛ የሚሻሉ ሞልተዋል፤ ለእነሱ ቢሆን ይሻላል» አልኳት።

ወግ ነው እንግዲህ። ሰው «ብላ» ሲሉት ዘሎ እጁን ገበታ ላይ አይሰድም። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ «በሞቴ» ይባላል፤ ከዚያ ይቀርባል። እኔም «በሞቴ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። እሷ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጋ «ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» አለችና እስከ በር ሸኘችኝ።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ መደወሏ አይቀርም። ተመስገን፣ ጥሩ ሰው ልኮልናል።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ከማርያም ንግሥ መልስ ልምምድ ነበረን። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ የደግሰው ሆቴል ምግብ ቤት የእኛ ሆኗል። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተን እንጨፍራለን። ግማሾቻችን እንደ እኔ አስጎብኚዎች ነበርን፤ ግማሾቻችን የሆቴል ሠራተኞች። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሥራው ሁሉ ሲቀዘቅዝ፣ ቁጭ ብሎ ከመተከዝ ብለን ነው ማገርን ያቆምነው። ደግሰው አንድ ቀን ኪራይ ብሎን አያውቅም። ውለታውን በምን እንደምከፍለው አንድ አምላክ ያውቃል።

ከበሮ መቺያችን ደባሱ «አያ ከፋለ፣ ማዕከሉ ጠርቶህ ነበር አሉ?» አለኝ። ነዋሪ ቡድን የሚባለውን ነገር አስረዳኋቸው። ስለ መልሴ ግን «ነገሩ በሂደት ላይ ነው» ብቻ አልኩ። ይቺን ቃል ከቢሮ ነው የለቀምኳት፤ ለብዙ ነገር ትሆናለች።

ከሁሉ ይልቅ የጨፋሪያችን የጽጌማርያም ፊት በራ። አልጋ ታነጥፍበት የነበረው ሆቴል ተዘግቷል። አክስቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ተገኝቶልሻል፣ ነዪ እያለች ትጨቀጭቃታለች። «ቤት ካገኘን አልሄድም ጋሽ ከፋለ፤ ለአክስቴ ቁርጡን እነግራታለሁ» አለችኝ። እሷ ከሄደች ማገር አለ ማለት ዘበት ነው። እሷ ስትገባ የደባሱ እጅ እንኳ ሌላ እጅ ይሆናል።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ወይዘሮ ዓለምእሸት አልደወለችም። ኔትወርኩ ይሆናል። ዳገቱ ላይ ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ ቆምኩ። ሲደወል የመጣልኝ የስልክ ድርጅቱ ማስታወቂያ ነው።

ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ የገብስ ጆንያ ቆሞ አገኘን። ደግሰው ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ለጊዜው ነው» አለ። እኛም «ኧረ ምን ችግር አለው» አልን።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ገበያ። ማር ተራ ላይ ወይዘሮ ዓለምእሸትን አገኘኋት። ሰላምታዋ ሞቅ ያለ ነው። አሁን ታነሣዋለች ብዬ ከጎኗ ቆምኩ። ማሩን አሸተተች፣ ስለ ማሩ ጠየቀችኝ፣ ስለ ማሩ ነገርኳት። በመጨረሻ ጨነቀኝና «ማዕከሉስ እንዴት ይዞታል?» አልኩ።

«ምን እባክዎ፣ የጠየቅኳቸው ቡድኖች ሁሉ አይ አሉኝ» አለች። «እርስዎም አይ አሉ፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ፍላጎት ከሌለ ማስገደድ አይቻልም። ቦርዱ አሁን አዳራሹን ለሠርግና ለስብሰባ እናከራየው እያለኝ ነው።»

አይ አሉ! እኔ?

«እንዴ፣ እኔማ አዎ ማለቴ ነበር» ማለት የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ማር ተራ መካከል፣ ሰው እየሰማ «ለእኔ ይሰጠኝ» ይባላል? «አዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። የማልፈልገውን ማር ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ባንችይርጋ ማሩን አይታ «ማን አገባ?» አለችኝ። ሚስቴ ነገር ሲሸታት እንዲህ ናት። ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ቆም ብላ «መለመን አምሮህ ነው አንተ» አለች።

«ወግ ነው እንጂ።»

«ወግማ የሚያምረው ወግ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው። ልጅቱ ጠየቀችህ፣ መለስክላት፣ ጻፈችው። ምን ታድርግ?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይኼ ነው። ለምኑኝ ብዬ አይደለም እኮ። አዳራሹም ትልቅ ነው፤ መብራቱ፣ መጋረጃው። የጆንያ አጠገብ ጭፈራችን እዚያ ላይ ምን ሊመስል እንደሚችል ለአንድ አፍታ ሽው ብሎብኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዋናው ወግ ነው።

ለቡድኑ ልጆች እንዳትናገሪ አልኳት። «እኔ ምን አገባኝ» አለች። ባንችይርጋ ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ስለዚህ ይህን ጭንቅ የሚያውቀው ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

የጾም መግቢያ የመጨረሻ ልምምድ። ነገ ሁዳዴ ነውና ደባሱ ከበሮውን ጠቅልሎ ሰቀለው። እስከ ፋሲካ ጭፈራ የለም።

አንድ ነገር ገረመኝ። ዛሬ ማዕከሉ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚህ በፊት እግሬ ሳይገባ ነበር የሚይዙኝ። ጽጌማርያም ከቤቷ ቋንጣ ቋጥራ አመጣችልኝ። ደባሱ ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ይዞ «አያ ከፋለ፣ አንተ ብቻ ጤና ሁን» አለ። እኔ ምን ሆንኩ? ጾሙ ሊገባ ሲል የሰው ልብ ይራራል መሰለኝ።

ጆንያው መስኮቱ ደርሷል። ደግሰው ውጡልኝ ማለት አይችልም፤ እኔም እንውጣልህ ማለት አልችልም። እንዲሁ እየተፋፈርን ገብሱ ይጨምራል።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

አላስቻለኝም፣ ሸዕባን ዘንድ ሄድኩ። ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ የመንዙማ ቡድን አለው። ድቤያቸው ሲመታ ሰው ባለበት ይቆማል። ያን ቀን ወይዘሮ ዓለምእሸት ፊት «ከእኛ የሚሻሉ» ስል በልቤ እሱን ነበር ያሰብኩት። ረመዳን ገብቷል፣ እሱም ይጾማል፣ እኔም እጾማለሁ። ሁለት የደረቀ አፍ ይዘን ሱቁ ደጃፍ ተቀመጥን።

«ወይዘሮዋ እናንተንም ጠይቃችሁ ነበር?» አልኩት።

«ጠይቃን ነበር።»

«ምን አላችኋት?»

ሸዕባን ሜትሩን አጣጠፈ፣ ዘረጋ። «ምን እንላለን ጋሼ? 'ማገር እያለ እኛ ማን ነንና' አልናት። ስምህን ጠርቼ ነው ያልኩት። ደግማ ትጠይቃለች ብዬ እስከ ዛሬ ስልኬን ይዤ እተኛለሁ፣ ወላሂ።»

እንዴት እንደሳቅን! ጾም ባይሆን ኖሮ ጎረቤት ጠጥተዋል ይለን ነበር። ግን እኔ ለእሱ ብዬ፣ እሱ ለእኔ ብሎ፣ አዳራሹ ለፕላስቲክ ወንበር ሊሆን ነው።

«አብሽር» አለ ሸዕባን። «ሽማግሌ እንላክ።»

«ቢሮ ሽማግሌ ይላካል?»

«ለቢሮ ነው ማን አለህ? ለእሷ ነው። ሰው አይደለችም?»

እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለልጆቹ መናገር ግድ ሆነ። ባንችይርጋ ናት ገፍታ ያወጣችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዳልል ጊዜ የለም። ከጆንያው መካከል ሰብስቤያቸው «አንድ ነገር በድያችኋለሁ» አልኩ። ዘረዘርኩት።

ማንም አልደነገጠም። ደባሱ ጣሪያውን ያያል። ጽጌማርያም ነጠላዋን ታፍተለትላለች።

«እናውቃለን ጋሽ ከፋለ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅበላ በፊት።»

«ማን ነገራችሁ?»

ሁሉም አንድ ላይ መስኮቱን አዩ። በመስኮቱ በኩል የእኔ ቤት ይታያል።

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«እንዳያፍሩብን ብለን ነዋ!» አለች። «እኔ ለአክስቴ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብያታለሁ። እስከዚያ ጋሽ ከፋለ አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ።»

እነሱን ላላሳፍር ስሸሸግ፣ እነሱ እኔን ላለማሳፈር ይሸሸጉኝ ኖሯል። ቋንጣው አሁን ገባኝ። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ባንችይርጋን ቤት ገብቼ ላፋጥጣት አስቤ ነበር። ሳያት ተውኩት። «ለማንም አልነገርኩም፤ ለደባሱ እናት ብቻ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ለማግኘት ማለዳ ሄድኩ። ቅኔ ያስተማሩ፣ የከተማው ሰው የሚሰማቸው አባት ናቸው። ነገሬን ስጨርስ ከመቋሚያቸው ላይ ቀና አሉ።

«በሁዳዴ ለዘፋኝ ልማልድ ነው የምትለኝ ከፋለ?»

«መሪጌታ፣ አሁን ማንም አይዘፍንም። ከፋሲካ በኋላ የሚገቡበት ቤት ነው የቸገረን።»

ልመለስ ስነሣ «ለዘፈን አልለምንም» አሉ። «ለቤት ከሆነ ግን እሄዳለሁ። ያቺ ልጅ ኮምቦልቻ ብትሄድ እናቷን ማን ይጦራታል? እኔ የምለምነው እሷን ብዬ ነው።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሸዕባን በኩል አጎቱ ሐጂ ይመጣሉ። ሦስተኛው ደግሰው ነው። «አንተማ ለጆንያህ ነው የምትሄደው» ብለው ልጆቹ ቀለዱበት። ደግሰው ሳቀ፣ ግን ጆሮው ቀላ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ሄዱ። ቢሮ ሳይሆን ወይዘሮ ዓለምእሸት ቤት። እኔ ከሸዕባን ጋር መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የነገረን ደግሰው ነው።

ሦስቱም በር ላይ ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። «የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። ልጅቱ ግራ ገባት። ወንበር አምጥታ ወንበሩን ይዛ ቆመች። መሪጌታ ከማገር ጀምረው፣ ሐጂ መንዙማውን አስከትለው፣ ነገሩን ሁሉ እንደ ጋብቻ ጥያቄ አቀረቡላት። ያለችው እንዳልተጠላ፣ እኛ ያልነው «አይ» እምቢታ እንዳልነበር አስረዷት። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ «እናስብበት። ተመልሳችሁ ኑ» አለች።

ሽማግሎቹ እየተፍለቀለቁ መጡ። «ወግ አወቀች!» አሉ መሪጌታ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ ብትል ኖሮ እኔ ራሴ እታዘባት ነበር። ጨዋ አሳድጓታል!» ሐጂም «አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ አልቋል» አሉ። ሸዕባን አቀፈኝ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። «እናስብበት» ያለችው እንደ ወጋችን ከሆነ አዎ ማለት ነው። እንደ ሐዋሳ ከሆነ ግን እናስብበት ማለት እናስብበት ነው። እኔ አይ ያልኩት አዎ ለማለት ነበር፤ እሷ ያለችውን ምን ለማለት እንደሆነ በምን ልወቅ?

ባንችይርጋ ተገላብጣ «አሁን ገባህ?» አለችኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ሸዕባን ቤት ተጠርተን ሄድን። ሚስቱ ለእኛ ለጿሚዎቹ ሽሮና ምስር በአዲስ ድስት ለብቻ ሠርታ ጠበቀችን። «በልቼ ነው የመጣሁት» ልል አፌን ስከፍት ባንችይርጋ በክርኗ ጎሸመችኝ። በላሁ። ደግሞም ጣፈጠኝ።

ሸዕባንን «የአገሩን ወግ አንተ ነህ የነገርካት?» አልኩት። አልነገርኳትም አለ። መሪጌታም አልነገሯት፣ ደግሰውም አልነገራት። ታዲያ ማን ነገራት?

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ጸጉር ቤት። ሁለት ሰዎች ከወልድያ መጥተው አዳራሹን በሜትር ለክተዋል ሲባል ሰማሁ። «ለሠርግ ምን የመሰለ ነው!» ይላል አንዱ። ግማሽ ጸጉሬን ሳልቆረጥ ልነሣ ነበር።

የጽጌማርያም አክስት ደግማ ደውላለች። ጽጌ አልነገረችኝም። ደባሱ ነው የነገረኝ።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወይዘሮ ዓለምእሸት ነጠላዋን አጣፍታ ስትመጣ ገጠምን። በሰሞነ ሕማማት ሰላምታ የለም። ራሷን ዝቅ አደረገች፣ እኔም ራሴን ዝቅ አደረግሁ፣ ተላለፍን። ከፊቷ አንድ ነገር አነባለሁ ብዬ ነበር። ያለቀሰ ፊት ነው። በዚህ ሳምንት ያላለቀሰ ማን አለና ምን ይነበባል?

ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ በአንተ መከራ ሳምንት እንኳ የአዳራሽ ነገር ነው የማስበው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሳላድር ልጻፈው።

ሽማግሎቹ ዛሬ ተመለሱ፤ እኔና ሸዕባንም ተጠርተን ነበርና አብረን ገባን። በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ወንበሩ ተደርድሯል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ምግብ ለየብቻ ቀርቧል። ገና ቃል ሳይወጣቸው «አባቶቼ፣ የመጣችሁበት ተፈጽሟል፤ ተቀመጡ» አለች። መሪጌታ «እሰይ!» ብለው ተቀመጡ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ።

ከዚያ ወይዘሮ ዓለምእሸት ወደ እኔ ዞረች። «አቶ ከፋለ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ያን ቀን እናስብበት ያልኩት የእውነት ላስብ ብዬ ነው። ቦርዱ የመጨረሻ ደብዳቤውን ሊጽፍ ነበር። ሽማግሎቹ እንዲያ ደስ ብሏቸው ሲወጡ ግራ ገብቶኝ የቢሯችንን ጥበቃ ጠየቅሁት። 'እትዬ፣ እሺ ብለሻቸዋል እኮ' አለኝ። ሦስት ሽማግሌ እሺ እንዳልኩ አምነው ከሄዱ በኋላ በምን ፊቴ አይ እላለሁ? ቦርዱን ሄጄ ተሟገትኩ። ከወልድያ የመጡትን ራሴ መለስኳቸው።»

ስለዚህ አልገባትም ነበር ማለት ነው። ሽማግሎቹም ተሳስተው ነው የተፍለቀለቁት። ተሳስተው ባይደሰቱ ኖሮ ደግሞ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የወልድያ ወንበር ይደረደር ነበር። እግዚአብሔር ሲፈቅድ በስሕተታችንም ይሠራል።

«እንግዲህ እንደገና ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ማገር ነዋሪ ቡድናችን መሆን…»

«እንፈልጋለን!» አልኩ። ጥያቄዋን እንኳ አላስጨረስኳትም።

መሪጌታ ጎናቸውን ወደ እኔ አዘንብለው «ቀስ በል እንጂ ከፋለ፣ ሰው ይታዘበናል» አሉ። ሸዕባን ሳቁን በፎጣው ሸፈነ። ከዚያ እሱም ተጠየቀ፤ እሱም አላስጨረሳትም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ገባን። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ወለሉ እንጨት ነው፤ ከመስኮቱ የአሸተን ተራራ ይታያል። በሩ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል፣ የእኛና የእነ ሸዕባን። ማክሰኞና ቅዳሜ የእኛ፣ ሐሙስና እሑድ የእነሱ። አብረን የምናቀርበው ነገር ይኑር ብሎ ሸዕባን ገና ካሁኑ ይነዘንዘኛል። ደግሰው ሊመርቀን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ጠረገ። ምግብ ቤቱ ባዶ ሆኖ አስጠላኝ አለ፣ ያን ሁሉ ገብስ ሞልቶበት!

ጽጌማርያም ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው። አክስቷን «አላየሁሽም አትበይኝ፣ ለዓመት በዓል እመጣለሁ» ብላታለች።

ደባሱ ከበሮውን ፈታው። ጾሙን ሙሉ የተሰቀለ ቆዳ ስለነበር ፀሐይ ላይ ትንሽ አሞቀውና መታው። ጽጌ ገባች። ልጆቹ ተከተሏት። ባንችይርጋ ሳትቀር እያጨበጨበች ነው። ወይዘሮ ዓለምእሸት ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች።

እኔ ዳር ቆሜ ነበር። በእኛ ዘንድ የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው እስኪጎትቱት ይጠብቃል። ይጎትቱታል፣ «ተዉኝ ጉልበቴን ያመኛል» ይላል፣ ይጎትቱታል፣ እየተግደረደረ ይገባል። ስንት ሠርግ እንዲህ ሆኜ እንደገባሁ እኔው አውቃለሁ።

ዛሬ ማንም ሳይጎትተኝ ገባሁ።